ማሽኑን ሳላጠፋ የወጣሁበት ቀን

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እዚህ ጁባ ባለው ወርክሾፔ ውስጥ፣ ልጄ ሰብለ የሥራ ባንኮው ፊት ቆማ የራውተሩን ፑንታ ልትቀይር መፍቻ ቁልፍ ስታነሳ አየኋት። ራውተር ስል ኢንተርኔት የሚያሰራጨውን ማለቴ አይደለም። እንጨት ላይ ቦይ የሚያወጣውን፣ ጠርዝ የሚያስጌጠውን፣ በሁለት እጅ ተይዞ የሚገፋውን የአናጢ ማሽን ማለቴ ነው። ፑንታው ደግሞ ከሆዱ በታች ብቅ ብሎ የሚሽከረከረው ስለት ነው። ስፒናው ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነበር። ከእኔ እስከ ልጄ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። ስምንቱን እርምጃ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ወደ ልቤ ስመለስ የተነቀለውን ገመድ በእጄ ጨብጬ ልጄን በሰው ፊት እየጮህኩባት ነበር።

«አባዬ፣ ጠፍቷል እኮ» አለችኝ ማብሪያውን እያሳየችኝ። እውነቷን ነው፤ ጠፍቷል።

«መጥፋቱ አይበቃም። መነቀል አለበት።»

«እሺ፣ እንደሱ ብለህ ብትነግረኝ ይበቃ ነበር። እዚያ በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማህ።»

አልጋ ሊገዙ የመጡ ባልና ሚስት በሩ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ገመዱን እንደያዝኩ ጣውላ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ሰብለ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ንድፍ ላይ ከእኔ ትሻላለች፤ እጇም ከእኔ ይልቅ የተረጋጋ ነው። እኔ ደግሞ በቤቴ ውስጥ ሕግ የማበዛ፣ ምክንያት የማሳንስ አባት ነኝ። አባት ብሏል፣ ይበቃል እያልኩ ነው ያሳደግኳት። የዚህን ሕግ ምክንያት የሸሸግኳት ግን በአባትነት ኩራት አይደለም፤ ስለሚያሳፍረኝ ነው። በዚያው ቀን ባልና ሚስቱ ከሄዱ በኋላ ወርክሾፑን ዘግቼ ሁሉን ነገርኳት። እዚህም የምጽፈው ለእሷ እንደነገርኳት ነው።

ጁባ ስገባ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበርኩ። በኬንያና በኡጋንዳ ዞሬ፣ ከድንበሩ ከተማ ከኒሙሌ ወዲህ ያለውን መንገድ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። ቀዩ አቧራ ጥርሴ መሐል እየተንቋቋ፣ ቅንድቤ እንደ ሽማግሌ ቅንድብ ቀለሙን ቀይሮ ደረስኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሱሪ፣ አንድ መላጊያ፣ አራት መሮና ለናሙና የሠራሁት አንድ የመሳቢያ ማዕዘን ነበሩ። ሙያውን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ወርክሾፕ ደጃፍ ቆሜ አይቼ፣ ቤቴ ገብቼ የሞከርኩትን ነው የማውቀው። በመሮና በመላጊያ ማንንም አልፈራም ነበር። የኤሌክትሪክ ማሽን ግን አንድም ቀን በእጄ ይዤ አላውቅም።

አትላባራ በሚባል ሰፈር በቆርቆሮ የታጠረ ወርክሾፕ የነበረው አቶ ዘሪሁን የሚባል ያገራችን ሰው ነበር። ሃምሳን ያለፈ፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መናገር የማይወድ ሰው። ከሻንጣዬ ያወጣሁለትን የመሳቢያ ማዕዘን ወደ ብርሃን ይዞ አገላብጦ አየው።

«እጅህ ደህና ነው። ራውተር ታውቃለህ?» አለኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

ቃሉ ከአፌ የወጣበት ፍጥነት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ራውተር የማውቀው መርካቶ ውስጥ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ነው፤ ለዚያውም ካርቶኑን። ርቦኝ ነበር ብዬ ማመካኘት እችላለሁ፤ እውነትም ርቦኝ ነበር። ግን «አላውቅም፣ እማራለሁ» ብለው ኖሮ ዘሪሁን የሚያባርረኝ ሰው አልነበረም። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ያልኩትን ካልኩ በኋላ ውሸቴን እንደ ዘበኛ ሌት ተቀን እየጠበቅኩ መኖር ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ሊያጋልጠኝ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ከባንኮው ማዶ የሚሠራው ጋትሉዋክ ይባላል። ኑዌር ነው፤ ያደገውና የተማረው ግን ጋምቤላ ነው። በዕድሜ ቢበልጠኝ አንድ ዓመት ነው። አማርኛውን ቀስ አድርጎ፣ ጣውላ እንደሚደረድር ሰው ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ነው የሚናገረው፤ መሐሉ ላይ የጁባ ዐረብኛ ጣል ያደርግበታል። በመጀመሪያው ቀን ዘሪሁን የአንድ በር ጠርዝ እንዳስጌጥ ሰጥቶኝ ወደ ሱቅ ወጣ። ማሽኑን አስነሳሁት። ጩኸቱ በክንዴ አልፎ መንጋጋዬ ድረስ ነዘረኝ። ጠርዙን ወደ ራሴ አድርጌ ከቀኝ ወደ ግራ ገፋሁት። ስለቱ በሚዞርበት አቅጣጫ ከገፉት እንጨቱን መቅረፁን ትቶ እንደ ጎማ ይሮጥበታል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ነው መሄድ ያለበት። ይህን አሁን አውቃለሁ። ያኔ ማሽኑ ከእጄ ሊያመልጥ ጠርዙን እየቦጫጨቀ ሄደ፣ እኔም ከኋላው ተጎተትኩ። ጋትሉዋክ ባንኮውን ዘሎ መጥቶ አጠፋው።

«ሐበሻ» አለኝ፤ ስሜን ገና አልያዘም ነበር። «አንተ ይሄን ማሽን አታውቀውም።»

«አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ያለው ሌላ ዓይነት ስለሆነ ነው።»

«አዲስ አበባ ያለው አናጢውን ነው የሚጎትተው?»

እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። «ለጋሼ እንዳትነግረው» አልኩት።

«ምን ብዬ? ካላስ፣ በቃ፣ አልነግርም። ግን ነገ እኔ ሳልመጣ አትንካው።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ዘሪሁን ከመምጣቱ በፊት እየገባን አስተማረኝ። እንጨቱን በሞርሳ ሳትይዘው ማሽኑን አታስነሳ። ጥልቁን ቦይ በአንድ ጊዜ አትቆፍር፣ ትንሽ ትንሽ እያወረድክ ሦስት አራት ጊዜ ተመላለስበት። ፑንታውን እስከ ታች አስገባውና ጥቂት መልሰህ አውጥተህ ነው የምታጠብቀው። እጅጌህን ጠቅልል፣ ጓንት አታድርግ፣ ካጠፋኸውም በኋላ መሽከርከሩን እስኪተው አታስቀምጠው።

«ከብት ስትጠብቅ ከኋላው አትቆምም አይደል? ይሄም እንደዚያ ነው» አለኝ አንድ ጠዋት።

«እኔ ከተማ ነው ያደግኩት። ከብት ጠብቄ አላውቅም።»

«እሱማ ያስታውቃል» አለኝ።

እናቱና ሁለት እህቶቹ በዚያ ዓመት ከጋምቤላ መጥተው ኒምራ ታላታ የሚባለው ሰፈር ከእሱ ጋር ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ይወስደኝ ነበር። እናቱ ኪስራ የሚሉትን ስስ የማሽላ እንጀራ በዓሣ ስታቀርብ፣ በፆም ወራት ዓሣ እንደማልበላ ስለምታውቅ ከዓሣው በፊት ጎመኑን በለውዝ ሠርታ በሌላ ሳህን ከድና ታስቀምጥልኛለች። አራት ሰው የሚበላው በጋትሉዋክ ሁለት እጅ ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው ቀጥሎ የምተርከውን ያደረግኩት።

አሁን ስለ መብራቱ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ወርክሾፑ የራሱ ጄነሬተር አልነበረውም። ከጀርባችን ካለው የብረት በር መሥሪያ ገመድ ስበን ነበር የምንሠራው። ባለ ጄነሬተሩ ሲሞቅበት ያጠፋዋል፣ ነዳጅ ሲጨምር ያጠፋዋል፣ ምሳውን ሲበላ ያጠፋዋል። ሲያጠፋም ሲያስነሳም ለማንም አይናገርም። ሰፈሩ ሁሉ ጄነሬተር ስለሚያንጎራጉር የእኛው መነሳቱን በጆሮ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አናጢዎቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። መብራት ሲጠፋ የያዙትን ራውተር አያጠፉም። የዚያ ማሽን ማብሪያ እጀታው ላይ ነው፤ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ሲገፏት እንደበራ ይቆለፋል። እንደተቆለፈ በሁለት ጉማጅ እንጨት መሐል፣ ፑንታው እንዲንጠለጠል አድርገው ያቆሙትና ውጭ ማንጎ ዛፍ ሥር ሻይ ይጠጣሉ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ከውስጥ ይጮሃል። አንዱ «ካህራባ ጃ» ይላል፣ መብራት መጣ ማለቱ ነው፣ ሁሉም ብርጭቆውን አስቀምጦ ይነሳል። ደወላችን እሱ ነበር። ብልህነት ይመስለን ነበር።

ስፒና የሚነቅልም አልነበረም። የማሽኑ ስፒና ከሶኬታችን ጋር ስላልገጠመ ቆርጠን ጥለነው፣ የገመዱን ሁለት ጫፍ ልጠን ሶኬቱ ውስጥ በእንጨት ሽብልቅ ነበር ያጣበቅነው። ያንን በየጊዜው መንቀልና መሰካት አሰልቺ ነው፤ አንዳንዴም እሳት ይተፋል።

ከዕለታት አንድ ቀን መብራቱ ሲመጣ ራውተሩ ከጉማጆቹ ላይ ዘሎ፣ ያለቀለት የቁም ሣጥን መዝጊያ ላይ አረፈና ከዳር እስከ ዳር አረሰው። ዘሪሁን የታረሰውን መዝጊያ በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ ሁላችንንም ሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ መብራት ሲጠፋ ማሽን ይጠፋል። ሳያጠፋ የወጣ ሻንጣውን ይዞ ይውጣ» አለ። ሁላችንም እሺ አልን። ሌሎቹ ከዚያ ቀን ጀምረው አጠፉ። እኔ ዘሪሁን በሌለበት ሰዓት የድሮውን ልማድ ቀጠልኩ። ምክንያቴ የሚያሳፍር ነው። ማሽኑን ሳስነሳው፣ ያ የመጀመሪያው ብድግ የሚልበት ቅጽበት ያስፈራኝ ነበር። ገመዱ ላይ መብራት ሲመጣ ራሱ ከተነሳ ግን ተረጋግቶ ሲሽከረከር ነው የማገኘው። ፍርሃቴን ለማንም ስለማልናገር በስርቆሽ መንገድ እሄድበት ነበር።

ሁዳዴ ነበር። በጁባ ከዓመቱ ሁሉ የሚከፋው ሙቀት ያኔ ነው፤ ዝናቡ ገና አልመጣም፣ ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሳል። ጁባ ታውን ውስጥ ለሚከፈት ሆቴል ረጅም የባር መደርደሪያ በቲክ እንጨት እየሠራን ነበር። የቲክ ብናኝ ላብ ላይ ሲያርፍ አንገት ያሳክካል፤ ሽታው ደግሞ እንደ አሮጌ ቆዳ ነው። ዘሪሁንና ጋትሉዋክ ጠዋት ልኬት ሊወስዱ ወደ ሆቴሉ ሄደው ነበር። እኔ ብቻዬን ቦይ እያወጣሁ ሳለ ማሽኑ እጄ ላይ ዝም አለ። ቆለፍኩት፤ እንደ ልማዴ ጉማጆቹ መሐል አቆምኩት፤ ወጣሁ።

ሻይ የምታፈላው ሴት ዝንጅብል ያበዛች ሻይ ቀዳችልኝ። የፆሜ ሰዓት አልፎ ስለነበር የመጀመሪያው ትኩስ ነገር ነበር። ሁለት ጊዜ ፉት እንዳልኩ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር መጥቶ ቆመ፤ ዘሪሁንና ጋትሉዋክ ወረዱ። ዘሪሁን አጠገቤ ዝቅተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ።

«መብራት የለም?» አለኝ።

«አሁን ነው የጠፋው።»

ጋትሉዋክ ይህን አልሰማም። እሱ ቀጥታ ወደ ውስጥ ገብቷል። በወጣትነት ዓይኔ ያየሁት ነገር ሁሉ ደብዝዟል፤ ያ የበሩ ስፋት ግን ዛሬም እንደ ሥዕል ፊቴ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከእኛ እስከ ባንኮው አሥራ አምስት እርምጃ። ጋትሉዋክ ሸሚዙን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ። የቦዩን ፑንታ አውጥቶ የጠርዙን ሊያስገባ ነው፤ ጠዋት ሲሄድ ስመለስ ጠርዙን እጀምራለሁ ብሎኝ ነበር። ዙሪያውን ጄነሬተር ይጮሃል፤ ማሽኑ ዝም ብሏል። ዝም ያለ ማሽን በእሱ ቤት የጠፋ ማሽን ነው፤ እሱ ሳያጠፋ አይወጣማ። ባንኮው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ራውተሩን ገልብጦ ጭኑ ላይ አደረገ፤ በቀኝ እጁ መፍቻ ቁልፉን አስገባ፤ በግራው ፑንታውን በጨርቅ ጨበጠ።

እኔ አየሁት። መቆለፌንም አስታወስኩ። አፌ ውስጥ ሻይ ነበር።

መጮህ ነበረብኝ። «ተወው!» የምትል አንዲት ቃል። ግን ዘሪሁን ክንዴ አጠገብ ነበር፤ ከጮህኩ ማሽኑን ሳላጠፋ መውጣቴን ያውቃል። ዋሽቼ መቀጠሬን፣ አለማወቄን፣ ሁሉን ያውቃል፣ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በአንድ ጉንጭ ሻይ ነው። ተነስቼ ቀስ ብዬ ልግባና በጨዋታ መልክ ከእጁ ልውሰደው ብዬም አሰብኩ። ሻዩን ዋጥኩት። ብርጭቆዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ እንዳይደፋ አስተካክዬ ጭምር። ቀና ስል መብራቱ መጣ።

ማሽኑ እንደ ሁልጊዜው ጮኸ። ዘሪሁን በልማድ «መጣ» አለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ ጨርቁ ሲጠመጠምበት ታፈነ፣ ቀጥሎ የሰው ድምፅ ተጨመረበት።

ያየሁትን በዝርዝር አልጽፍም፤ ለልጄም አልነገርኳትም። ቲኩ ላይ ያለውን ብናኝ ደም ሲያረጥበው ጥቁር እንደሚሆን ብቻ ተናግሬያለሁ። ሽብልቆቹን ከሶኬቱ ነቅሎ ማሽኑን ዝም ያሰኘው ዘሪሁን ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ጋትሉዋክን የወሰድንበት ክሊኒክ ግቢ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ዘሪሁን እጅ ላይ ያለው ደም ደርቆ ጥፍሩ ሥር ገብቷል። እኔ በልቤ እግዚአብሔርን የምለምነው ሁለት ነገር ነበር፤ የጋትሉዋክን እጅ እንዲያተርፍለት፣ እኔን ማንም እንዳይጠይቀኝ። ሁለቱን ልመና በአንድ ትንፋሽ ነበር የማቀርበው። አሁን ሳስበው ከሁሉ የከፋው እሱ ይመስለኛል።

ጋትሉዋክ ክንዱ እስከ ክርኑ ተጠምጥሞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ሲወጣ ዘሪሁን ተነሳ። «ማነው ሳያጠፋ የወጣው?» አለ፤ ሲጠይቅ የሚያየው እኔን ነበር።

ጋትሉዋክ ቀድሞኝ መለሰ። «እኔ ነኝ መሰለኝ ጋሼ። ሳነሳው ማብሪያውን ነክቼው ይሆናል። ማሌሽ።»

ይቅርታ ጠየቀ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

የግራ እጁ የሌባ ጣትና የመሐል ጣት ጫፍ ሄደ፤ አውራ ጣቱ ደግሞ ቢድንም እንዳይታጠፍ ሆነ። መጋዝ መያዝ ይቻላል፤ መሮ አቅንቶ መያዝ ግን ግራ እጅ ይፈልጋል።

አሥር ቀን ዝም አልኩ። በእነዚያ አሥር ቀናት ሥራ እየገባሁ ምሳዬን ሳልበላ እውል ነበር፤ ሰው ፆሙን አጠበቀ ይለኛል። በአሥራ አንደኛው ቀን ጋትሉዋክ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ ወርክሾፑ መጣ። በእሱ ቦታ የገባውን አዲስ አናጢ ትከሻውን ይዞ፣ «እንደኔ እንዳትሆን። ማሽኑን ከማንሳትህ በፊት ማብሪያው ላይ ጣትህ እንዳይኖር» ይለዋል። የእኔን ጥፋት የራሱ አድርጎ ለሰው እያስተማረ ነበር። ትምህርቱም ስህተት ነበር፤ በዚያ ትምህርት ሌላ ሰው እጁን ያጣል። መሮዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ኒምራ ታላታ ሄድኩ። ማንጎ በስሎ መንገዱ ላይ የሚረገጥበት ወቅት ነበርና አንድ ፌስታል ሙሉ ገዛሁ፤ ባዶ እጄን እንዳልሄድ። እናቱ ጥላ ሥር ወንበር አወጣችልኝ። ለእሱ በአማርኛ ነገርኩት፤ እናቱ አማርኛ በደንብ ትሰማ እንደነበር ረስቼ አይደለም። ማሽኑን ሳላጠፋ መውጣቴን ነገርኩት። ሲነካው ማየቴን ነገርኩት። ሻዩንም ነገርኩት። ማንም ሊያውቀው የማይችለው እሱ ነበርና ሳልናገር ልተወው ከጅሎኝ ነበር።

እናቱ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ጋትሉዋክ የተጠመጠመ እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በዐረብኛ፣ «ጉም፣ አምሺ» አለኝ። ተነስ፣ ሂድ ማለት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለብቻችን ስንሆን በዐረብኛ ብቻ አናግሮኝ አያውቅም። ማንጎውን ይዤው እንድመለስ እህቱ አጥሩ ድረስ ተከትላ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ለዘሪሁን ነገርኩት። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እሱ ግን፣ «አላባርርህም። መደርደሪያው አላለቀም። የቀረውን ጠርዝ በሙሉ አንተ በዚያው ማሽን ትሠራዋለህ» አለኝ። ቢያባርረኝ ይቀለኝ ነበር። ያንን ጠርዝ የሠራሁት ሽንቴ እየመጣብኝ ነው። እጀታውን ከመያዜ በፊት ሽብልቆቹን ነቅዬ ገመዱን አያለሁ፤ ማብሪያውን አያለሁ፤ እንደገና ገመዱን አያለሁ። ሌሎቹ ይስቁብኝ ነበር። ዘሪሁን አዲስ ስፒና ገዝቶ ራሱ ገጠመልኝ። ማሽኑ የተገዛበት ካርቶን ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ መመሪያ ተጣጥፎ አገኘሁ፤ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ለማንበብ አንድ ወር ፈጀብኝ። ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ፣ መብራት ሲቋረጥ አጥፋ፣ ፑንታ ከመቀየርህ በፊት ንቀል ይላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ነበር። ከእኛ መሐል የከፈተው አልነበረም።

ለሰብለ የነገርኳት ይህን ነው። ስጨርስ፣ «ሰውዬው የት ነው ያለው?» አለችኝ።

እዚሁ ነው። ኒምራ ታላታ ግቢው ውስጥ እንጨትና ቀርከሃ ይሸጣል። እነዚህን ሁሉ ዓመታት በገበያ፣ በለቅሶ ቤት እንገናኛለን። «ኬፍ?» ይለኛል፤ «ታማም» እለዋለሁ፤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ። ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ። ከዚያ ያለፈ የለም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይዣት ሄድኩ፤ ልሂድ ያለችው እሷ ናት። ጋትሉዋክ ፀጉሩ ነጥቷል። ቀርከሃ እየቆጠረ ነበር፤ ሲያየን ቆጠራውን አቁሞ እኔን ራሱን ነቅንቆ ብቻ ሰላም አለኝ። ሰብለ ጎንበስ ብላ ጨበጠችው፤ የምትጨብጠውን እጅ እያየች።

«አናጢ ነኝ» አለችው በአማርኛ።

ቀርከሃውን አስቀምጦ አያት። ቀጥሎ ያንን ጣውላ የሚደረድር አማርኛውን ከሃያ ዓመት በላይ በኋላ ሰማሁት።

«አባትሽ ነው የላከሽ?»

«አይ፣ እኔ ነኝ ልምጣ ያልኩት።»

«ምን ነገረሽ?»

«ሁሉንም።»

«ሻዩንም?»

«ሻዩንም።»

ወንበር አመጣላትና እጁን ፊት ለፊቷ ዘርግቶ እንድታየው ተወላት። «ማሽኑን ስታነሺ ገመዱን በዓይንሽ ተከተይው፤ እስከ ግድግዳው ድረስ። ሌላ ሰው ሲሠራበት የነበረ ከሆነ ደግሞ ሰውዬውን ጥሪው። እንዴት እንደተወው በአፉ ይንገርሽ። ዝም ካለሽ አትንኪው» አላት። እሷ ጠየቀችው፣ እሱ መለሰላት፤ ስለ ቲክ፣ ስለ ፑንታ፣ ስለ ጋምቤላ ወንዝም ጭምር አወሩ። አንድ ሰዓት ያህል ይሆናል። እኔ ቀርከሃው ክምር አጠገብ ቆሜ እሰማ ነበር፤ ወንበር አላመጣልኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

ሰዎች ጊዜ ሁሉን ያሽራል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ለልጆቼ እንደዚያ ብዬ አላስተምርም። ጋትሉዋክ አማርኛው እንዳይረሳው በዚህ ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ሲያወራ እንደነበር አላውቅም፤ ከጎረቤት፣ ከነጋዴ፣ ከእህቶቹ ጋር ይሆናል። እኔ ግን ረስቶት ይሆናል፣ ለዚህ ነው በዐረብኛ ሰላም የሚለኝ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። እሑድ ዕለት አንድም ቃል እንዳልጠፋው ሰማሁ። ስንወጣ ልጄን «በደህና ግቢ፣ ልጄ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ አየኝና ቀርከሃውን ከመጀመሪያው መቁጠር ጀመረ።